የቤታ ጫጩቶች መዋኘት በጀመሩ በጥቂት ቀናት የሚያልቁት ለምንድን ነው?

ፀጥተኛ ውሃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሲያም ተፋላሚ ዓሣን፣ በተለምዶ ቤታ የምንለውን፣ በቤት ውስጥ ማራባት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። በእነዚህ ወራት ሦስት ጊዜ ዕንቁላል አስጥዬ ሦስቱንም ጊዜ ጫጩቶቹን በሙሉ አጥቻለሁ፤ ከእኔ የቀደማችሁትን ለመጠየቅ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ማጣመሩ አስቸግሮኝ አያውቅም። ወንዱ የአረፋ ጎጆውን በአንድ ሌሊት ሠርቶ ያድራል፤ ሴቷን ስለቅለትም ጥቂት ካሳደዳት በኋላ ከጎጆው ሥር ይገናኛሉ። ዕንቁላሎቹ በሁለተኛው ቀን ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹም ጅራታቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው በአረፋው ሥር ተሰቅለው ይታያሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህኛው ዙር በግምት 150 ያህል ነበሩ፤ በስድስተኛው ቀን በገንዳው ወለል ላይ ነጥተው የወደቁ ማየት ጀመርኩ፤ በዘጠነኛው ቀን አንድም አልቀረም።

ገንዳው 40 ሊትር የሚይዝ ሲሆን ውሃውን የሞላሁት 12 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አባትየውን ጫጩቶቹ አግድም መዋኘት በጀመሩበት ዕለት አውጥቼዋለሁ። የምመግባቸው የተቀቀለ የዕንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልዬ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም ለጫጩት ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት እበትንላቸዋለሁ። እንዳልረብሻቸው ፈርቼ ውሃ አልቀየርኩም። የተሳሳትኩት የት ላይ ይመስላችኋል? በሽታ ይሆን ወይስ ወላጆቹ ናቸው ደካሞች?

የፋኖስ ብርጭቆ፦

እህቴ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። ስድስተኛው ቀን የሚሉት ዕንቁላሉ ከተጣለበት ነው፣ ከተፈለፈለበት ነው ወይስ መዋኘት ከጀመሩበት? በዚህ ጉዳይ ላይ ከምንከራከረው ግማሹ የሚነሣው ሁላችንም ቀኑን ከየራሳችን ቦታ ስለምንቆጥር ነው። ሁለተኛ፣ በእጅ ባትሪ ከጎን አብርተው ሆዳቸውን አይተውት ያውቃሉ? ሦስተኛ፣ ገንዳው ገና ካልተደፋ ከወለሉ አካባቢ ጥቂት ውሃ ቀድተው አሞኒያውን፣ ማለትም ከቆሻሻና ከብስባሽ የሚወጣውን መርዝ፣ ይለኩልን።

ዝቅተኛ ውሃ፦

ልኬቱ እስኪመጣ ድረስ እኔ በበኩሌ የምጠረጥረው አስኳሉን ነው። የዕንቁላል አስኳል ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ከሰዓታት በላይ ሳይበላሽ አይቆይም፤ ወለሉ ላይ እንደ ጭጋግ ተነጥፎ ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይሻማሉ። ብዙ ሰው የሚታለልበት ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ትልልቆቹ ቤታዎች ውሃው ቢከፋባቸው ወደ ላይ ብቅ ብለው አየር ይጎነጫሉ፤ ከስንጥባቸው በላይ ላብሪንት የሚባል፣ አየር በቀጥታ የሚተነፍሱበት አካል አላቸውና። ጫጩት ግን ይህ አካል ገና አልበቀለለትም፤ የሚጠቅመው ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ብቻ ነው። ስለዚህ አባትየው ሲዝናናበት የነበረ ውሃ ልጆቹን ሊገድላቸው ይችላል፤ የእርሱ ደህና መሆን ስለ ውሃው ምንም አይመሰክርም።

ፀጥተኛ ውሃ፦

ስለ ፈጣን ምላሻችሁ አመሰግናለሁ። ቀኑን የቆጠርኩት ዕንቁላሉ ከተጣለበት ነው። በሁለተኛው ቀን ተፈለፈሉ፤ በአራተኛው ቀን ማታ አግድም ዋኙ፤ ስለዚህ መሞት የጀመሩት በዋኙ በሁለተኛው ቀን ገደማ ነው ማለት ነው። አሞኒያው በሊትር 0.5 ሚሊግራም ሆኖ ተገኝቷል። ሆዳቸውን በባትሪ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች አጉልቼ ስመለከት ዓይናቸው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፤ ከዓይናቸው በኋላ ያለው ሰውነታቸው ግን እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ሆድ የሚባል ነገር አይለይም።

የፋኖስ ብርጭቆ፦

እንግዲያው ጉዳዩ ተገልጧል። በሽታም አይደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም። ጫጩቶቹ በርሃብ ደክመው ሳለ ውሃው ጨረሳቸው።

አንድ የቤታ ጫጩት ሲፈለፈል ሆዱ ሥር የአስኳል ከረጢት ይዞ ነው የሚወጣው። ተንጠልጥሎ በሚቆይባቸው ሁለትና ሦስት ቀናት የሚኖረው ከዚያ ስንቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ምግብ ብንሰጠው አይበላም፤ የምንበትነው ሁሉ ውሃ ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም። አግድም መዋኘት ሲጀምር ግን ስንቁ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው፤ ከዚያች ሰዓት አንሥቶ አዳኝ ሆኗል። አዳኝ ነው ስል በጥሬ ትርጉሙ ነው፤ በዚያ ዕድሜው የሚነክሰው የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪ አብርታችሁ ለአምስት ደቂቃ ብትመለከቱት ሲያደን ታዩታላችሁ፦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰውነቱን እንደ ኤስ ፊደል ያጥፋል፣ ከዚያ ይወረወራል። የአስኳል ቅንጣት አጠገቡ ብትወርድ አያያትም፤ ወለሉ ላይ ወርዳ ትበሰብሳለች። ጥቂቶች በአጋጣሚ ሊጎርሱት ቢችሉም 150 ጫጩት በአጋጣሚ አይመገብም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ከዚህ በታች የሚባለው ሁሉ የእርሱ ዝርዝር ነው። ሕይወት ያለው ምግብ በእጅዎ ሳይኖር ሴቷን አይልቀቁ። እኔ የጥንዶቹን ቀጠሮ የምወስነው የምግብ ጠርሙሶቼን ተመልክቼ ነው። ጠርሙሶቹ ካልደረሱ ወንዱ የፈለገውን ያህል አረፋ ቢተፋ ይጠብቃል፤ እርሱ ነገም ይሠራል፤ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ትል አርቢው፦

የተጠራሁ መሰለኝ። የቤት ሰው ከዓሣዎቼ ይልቅ ትሎቼ ይበዛሉ እያለ ይሥቅብኛል፤ እውነትም ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የምጠቀምባቸውን ሦስቱን ላስረዳ።

የመጀመሪያው ኢንፉሶሪያ ነው፤ ይህም በዓይን የማይለዩ የጥቃቅን ነፍሳት ጥርቅም ነው። ከነባር የዓሣ ገንዳ የተቀዳ ውሃ በሰፊ አፍ ማሰሮ አድርጌ፣ የደረቀ ቅጠል ወይም ጥቂት የሰላጣ ቅጠል ጨምሬ ብርሃን ባለበት አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ ወተት መስሎ ይደፈርሳል፣ ይሸታልም፤ ያ የባክቴሪያዎች ጊዜ ነው፣ በዚያን ጊዜ አይሰጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ ሲጠራ ባክቴሪያዎቹን የሚበሉት ነፍሳት በዝተዋል ማለት ነው፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሲያዞሩት እንደ ትቢያ የሚርመሰመስ ነገር ካዩ ደርሷል።

ሁለተኛውና እኔ የምወደው የኮምጣጤ ትል ነው። የፖም ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅሎ፣ ቁራጭ ፖም ጨምሮ፣ ከሌላ አርቢ የተገኘ ጥቂት ዘር ጣል ማድረግ ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይታገሡት እንጂ ከዚያ በኋላ ለወራት አይለይዎትም። አንገቱ ረጅም የሆነ ጠርሙስ ይውሰዱ። ኮምጣጤውን ከነትሉ እስከ አንገቱ ሥር ይሙሉት፤ አንገቱ ላይ ጥጥ ይወትፉ፤ ከጥጡ በላይ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ። ትሎቹ አየር ፍለጋ በጥጡ ውስጥ ሾልከው ወደ ንጹሑ ውሃ ይወጣሉ፤ በማግስቱ እንደ ጭስ ሲጥመለመሉ ታገኟቸዋላችሁ፤ በጠብታ መምጠጫ መቅዳት ብቻ ነው። ለቤታ ጫጩት የሚስማማው ባሕርያቸው ደግሞ ይህ ነው፦ ከላይኛው የውሃ ክፍል ይዋኛሉ፣ ጨው በሌለው ውሃም ለቀናት በሕይወት ይቆያሉ። ማለዳ የሰጡት ማታም እየዋኘ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ማይክሮ ዎርም የሚባለው ነው፤ በአጃ ገንፎ ላይ ትንሽ እርሾ ነስንሰው ያራቡታል። በሳምንት ጊዜ ውስጥ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ በጣት ጠርጎ ውሃ ውስጥ ማለቅለቅ ነው። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ወለል ላይ መዝቀጡ ነው።

ሰማያዊ ክንፍ፦

ማይክሮ ዎርም ላይ ማስጠንቀቂያ ቢጨመርበት መልካም ነበር። በእርሱ ብቻ ካሳደግኋቸው ጫጩቶች ብዙዎቹ የሆድ ክንፋቸው፣ ማለትም እነዚያ ሁለቱ ከታች እንደ ክር የሚንጠለጠሉት፣ ሳይበቅልላቸው ቀርቷል። ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው አርቢዎች ብዙ ናቸው።

ትል አርቢው፦

ወንድሜ፣ ክንፍ አልባ ጫጩቶችን እኔም አይቻለሁ፤ ጥፋተኛው ትሉ ስለ መሆኑ ግን አልተስማማሁም። ማይክሮ ዎርም ወለል ላይ ዘቅጦ ይሞታል፤ ጫጩቶቹም እርሱን ለመብላት ቀኑን ሙሉ ሆዳቸውን ከዚያ ቆሻሻ ጋር እያሻሹ ይውላሉ፤ የሆድ ክንፍ የሚበቅለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። እኔ ወለሉን በየቀኑ መምጠጥ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጉድለት እምብዛም አላየሁም። ያም ሆነ ይህ፣ በማይክሮ ዎርም ብቻ አሳድጉ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም።

የፋኖስ ብርጭቆ፦

እነዚህ ሁሉ የመሻገሪያ ምግብ ናቸው። ዋናው አርቴሚያ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው፤ አዲስ የተፈለፈለ የአርቴሚያ እጭ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ብዙዎቹ የቤታ ጫጩቶች መዋኘት በጀመሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይችሉታል። አፈላፈሉ ቀላል ነው። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው አሟሙተው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ ዕንቁላል ጨምረው፣ በአየር ፓምፕ ያለማቋረጥ እንዲናጥ ያድርጉት፤ 28 ዲግሪ ላይ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ ፓምፑን አጥፍተው ከታች በአንድ ጎን መብራት ያስጠጉ። ባዶ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያልተፈለፈለው ይዘቅጣል፣ እጮቹ ደግሞ ብርቱካናማ ደመና መስለው ወደ መብራቱ ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ስበው በጨርቅ ያጥልሉ፤ ሳያለቀልቁ ግን አይስጡ፤ ጨው እየተጠራቀመ ይሄዳልና።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። እጩ የተፈለፈለበት ዕለት ከራሱ ስንቅ ጋር ስላለ ነው የሚያሳድገው፤ አንድ ቀን ሲያድር ባዶ እየሆነ ይሄዳል። በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ማስነሣት፣ ሁለት ጠርሙስ እያፈራረቁ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እጩ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መመገብ ይሻላል። የበሉ መሆናቸውን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በባትሪ ሲያዩአቸው ሆዳቸው ትንሽ ብርቱካን የዋጠ ይመስላል። እህታችን ፎቶግራፉ ላይ ያጣችው እርሱን ነው።

ዝቅተኛ ውሃ፦

ውሃውንም አንርሳ። በየቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ እቀይራለሁ፤ የአየር ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ከእንጨት ጋር አስሬ ወለሉን እጠርጋለሁ፤ የወጣውን ነጭ ባልዲ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ሦስትና አራት ጫጩት አብሮ ስለሚሳብ ከነጩ ባልዲ ለቅሞ መመለስ ይቀላል። አዲሱ ውሃ በዚያው ሙቀት ላይ ያለ መሆን አለበት፤ በቱቦው ላይ ቋጠሮ አጥብቄ ጠብ ጠብ እያለ እንዲገባ አደርጋለሁ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ከሆነ በማስወገጃ ይታከም፤ ክሎራሚን የተጨመረበት ከሆነ ግን አሳድሮ መጠቀም ብቻውን አይበቃም።

የስፖንጅ ማጣሪያ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፤ አዲስ ስፖንጅ ሳይሆን በሌላ ገንዳ ውስጥ ወር ያህል የሠራ፣ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት። አየሩን አረፋ በአረፋ እስኪል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው።

የሌላ ጊዜ ስሕተቴንም ልናዘዝ። አንድ ዙር ጫጩቶቼ ሬሳቸው ሳይገኝ እየቀነሱ ሄዱ፤ 80 የነበሩት 50፣ ከዚያ 30 ሆኑ። አስኳልም ሆነ አሞኒያ አልነበረም። በመጨረሻ አጉሊ መነጽር ይዤ ብቀመጥ፣ ከሌላ ገንዳ ያመጣሁት ተክል ቅጠል ላይ ሃይድራ የሚባለው ክር ያለው ትንሽ አዳኝ እንስሳ ተሰልፎ አንዱን ጫጩት በክሩ ጠልፎ ሲጎትት አየሁ። ከዚያ ወዲህ በጫጩት ገንዳ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል ሳልመረምር አላስገባም።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ከዋናው ነገር ሳልወጣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኔ ወንድ ዕንቁላሎቹን በአፉ ለቃቅሞ ወደ ጎጆው አልመለሳቸውም፤ ጎጆም በደንብ አልሠራም። አንዳንዶች አፉ ውስጥ ይዞ ይፈለፍላል ይላሉ፤ እኔ ግን የበላቸው ይመስለኛል።

የፋኖስ ብርጭቆ፦

ቤታ ስንል አንድ ዓሣ የምንል ይመስለናል እንጂ ዝርያዎቹ በርካታ ናቸው፤ አረፋ የሚሠሩም አፋቸው ውስጥ ይዘው የሚፈለፍሉም አሉ። የስሙም ታሪክ የተወሳሰበው በዚሁ ነው፤ በ1849 ቴዎዶር ካንተር የሲያሙን ዓሣ «ፑግናክስ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ቻርለስ ቴት ሬገን በ1910 ሲመረምር ግን ያ ስም ቀድሞ የሌላ ዝርያ ሆኖ ስላገኘው ለእኛው ዓሣ ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሰጠው። ቤታ ፑግናክስ አሁንም አለ፤ እርሱ በአፉ የሚፈለፍል ነው። የእርስዎ ግን ረጅም ክንፍ ያለው የተለመደው ቤታ ከሆነ፣ እንደ ጠረጠሩት በልቷቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አባት የሚሆን ወንድ፣ የተደናገጠ ወይም የተራበ ወንድ፣ ወይም ደግሞ ዕንቁላሉ ያልዳበረበት ወንድ ይህን ያደርጋል። ሁለተኛ ዕድል ይስጡት፤ ብዙዎቹ ይማራሉ።

ሰማያዊ ክንፍ፦

ስለ አባት ከተነሣ፣ ወንዱ ጫጩቶቹ በዋኙ ዕለት መውጣት አለበት የሚለው አነጋገር ሕግ ተደርጎ መነገሩ አይዋጥልኝም። እኔ ለሳምንት የተውኳቸው አባቶች አሉኝ፤ የወደቀውን እያነሡ፣ የራቀውን እየመለሱ ደህና አድርገው ጠበቁ።

የፋኖስ ብርጭቆ፦

እኔም ትቼ አውቃለሁ፤ አንዱ ጠበቀልኝ፣ ሌላው በአንድ ሌሊት ጨረሰ። ችግሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ የምናውቀው በማግስቱ መሆኑ ነው። ጀማሪ ከሆኑ ያውጡት። ነገር ግን ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሥራውን ሳያዩ አይለፉ፤ ጫጩቷ ከአረፋው ተነቅላ እየተሽከረከረች ስትወርድ ተከትሏት ይወርዳል፣ በአፉ ይይዛታል፣ ወደ ጎጆው ወጥቶ ከአረፋ ጋር እፍ ብሎ ይለጥፋታል። ሦስት ወርደው አንዱን ሲያነሣ ሁለቱ እንዳይጠፉበት አንዱን በጉንጩ እንደያዘ ሌሎቹን ሲለቅም አይቻለሁ። እነዚህን ቀናት አይመገብም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከመጣመሩ በፊት ባሉት አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት ሁለቱንም በትንኝ እጭና የውሃ ቁንጫ በሚባለው በዳፍኒያ ማጎልበት ያስፈልጋል።

ሴቷን በተመለከተ፣ ስሜን ያገኘሁበትን ልማድ ልንገራችሁ። ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ የፋኖስ ብርጭቆ በገንዳው መካከል አቁሜ እርሷን ውስጡ አደርጋታለሁ። ያያታል፣ አይደርስባትም፤ ጎጆውን ይሠራል። እርሷ በጎኗ ላይ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ሲወጡላት፣ ሆዷ ሞልቶ ከሥሩ ነጭ ነጥብ ሲታይ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ እጅም መረብም አያስፈልግም። አግድም ጭረት ካሳየች ግን ፈርታለች፤ አትልቀቋት። ዕንቁላሉን ጥላ ስትጨርስ ወዲያውኑ ትውጣ፤ ከዚያ በኋላ ለወንዱ ጠላት ናት።

ፀጥተኛ ውሃ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የኮምጣጤ ትሉን ዛሬ አስነሥቻለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ገንዳውን መክደን አስፈላጊ ነው ሲባል ምክንያቱ ምንድን ነው? ደግሞም ለሚቀጥለው ዙር ያሰብኳቸው ሁለቱም ባለ ሁለት ጅራት ናቸው፤ የሚያምሩ ጥንዶች ናቸው። ይሆናል?

ባለ ሁለት ጅራት፦

ስሜ እንደሚነግርዎት ይህ ጉዳይ የእኔ ነው፤ መልሴም አይሆንም ነው። ሁለት ጅራት ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ጠባይ ነው። ሁለት ባለ ሁለት ጅራቶችን ካጣመሩ ልጆቹ ሁሉ እንደ ወላጆቻቸው ይሆናሉ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ያጠረ፣ አከርካሪያቸው የተጣመመ በመካከላቸው ይበዛል። አንዱን ከባለ አንድ ጅራት ጋር ያጣምሩ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ጅራት ይዞ ይወጣል፤ ጠባዩን ግን ተሸክሟል፤ ብዙውን ጊዜም የጀርባ ክንፉ ሰፋ ያለ ይሆናል። ከእነዚያ አንዱን መልሰው ከባለ ሁለት ጅራት ወላጁ ጋር ቢያጣምሩ ግማሽ ያህሉ ሁለት ጅራት ይሆናሉ።

ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ደማቅ ሰማያዊዎችን አጣምረው ሁሉም ሰማያዊ ካልወጣ አይደነቁ፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ቱርኩዋዝ፣ ሩቡ የአረብ ብረት ቀለም መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ሁሉም ሰማያዊ እንዲሆንልዎ ከፈለጉ ቱርኩዋዙን ከአረብ ብረቱ ጋር ያጣምሩ።

ዝቅተኛ ውሃ፦

የክዳኑን እኔ ልመልስ። ይህ ዓሣ የታይላንድና የአካባቢው ረግረግ፣ የሩዝ ማሳና ቀስ ብሎ የሚፈስ ቦይ ዓሣ ነው፤ አገሬው ፕላ ካት፣ ማለትም ነካሽ ዓሣ ይለዋል፤ ታይላንድም በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። በዚያ ጥልቀት በሌለው፣ ሞቃት፣ ኦክሲጅኑ አነስተኛ በሆነ ውሃ ላይ ያለው አየርም እንደ ውሃው ሞቃትና እርጥብ ነው። ጫጩቶቹ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ላብሪንታቸው ሲበቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎነጫሉ። በዚያን ሰዓት ከውሃው በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ እንዳይሆንባቸው ነው ክዳን የሚደረገው፤ የአረፋ ጎጆውም በእርጥበቱ ይጸናል። በዚያው ወቅት የውሃው ገጽ ላይ ቅባት መሳይ ሽፋን ከተጋረደ በወረቀት እየጠለፉ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ጫጩቷ ያን ሽፋን በስታ አየር ማግኘት ላይሆንላት ይችላል።

ፀጥተኛ ውሃ፦

ከአሥራ አምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዝም ያልኩት የምጽፈው እስካገኝ ነው።

አራት ሳምንት የኮምጣጤ ትሉን ጠበቅሁ። ወንዱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎጆ እየሠራ እያፈረሰ ሲወቅሰኝ ከረመ። ሰማያዊ ባለ ሁለት ጅራቱን ከአንዲት ባለ አንድ ጅራት ጋር አጣመርኩት፤ አርቴሚያውንም ዕንቁላሉ በተፈለፈለ ማግስት ማስነሣት ጀመርኩ። ጫጩቶቹ በዋኙ በሦስተኛው ቀን ማታ መብራቱን አጥፍቼ ባትሪ ሳበራ፣ ያ የብርቱካን ነጥብ በሁሉም ላይ ባይሆንም በብዙዎቹ ላይ ታየኝ፤ ተቀምጬ አንድ በአንድ ልቆጥራቸው ሞክሬ አልቻልኩም።

ሳላጠፋ አልቀረሁም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቸኩዬ ወለሉን ጠርጌ ባልዲውን ሳልመረምር ደፋሁት፤ ስንት እንደሄደ ፈጣሪ ይወቀው። በአምስተኛው ሳምንት ስቆጥር 64 ነበሩ፤ ዛሬ 61 ናቸው። ሁሉም አንድ ጅራት ናቸው፤ የሆድ ክንፍ የጎደላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አሁን መፋጠጥ ጀምረዋል። የምለያያቸው መቼ ነው? ሁሉንም ነው?

የፋኖስ ብርጭቆ፦

እንኳን ደስ አለዎ። በዕድሜ አይለዩአቸው፤ ጠባያቸውን ተመልክተው ይለዩ። መፋጠጡ ብቻ ከሆነ አብረው ይቆዩ፤ አብሮ ማደግ ይጠቅማቸዋል፣ ሴቶቹም ብዙውን ጊዜ አብረው መቀጠል ይችላሉ። የተቀደደ ክንፍ ባዩበት ዕለት ግን ቀዳጁን ያውጡት፤ የተቀደደውን ሲያወጡ ቀዳጁ ሌላ ይፈልጋል። አንዴ ለብቻው የተቀመጠ ወንድ ተመልሶ ከወንድሞቹ ጋር እንደማይኖርም ይወቁ። ከ61 ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወንድ ቢሆኑ ሠላሳ ብልቃጥ፣ ሠላሳ ብልቃጥ ውሃ መቀየር ማለት ነው፤ ብልቃጦቹም እርስ በርስ እንዳይተያዩ በመካከላቸው ወረቀት ያስፈልጋል። ዓሣዎቹን የሚቀበሉዎትን ሰዎች ከአሁኑ ያፈላልጉ፤ ሁለተኛውን ዙርም ይህ እስኪያልቅ አያስቡት።

ፀጥተኛ ውሃ፦

ብልቃጦቹን ትናንት አጥቤ ደርድሬ ነበር። ዛሬ ማለዳ አንዱ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሰማያዊ የሆነው፣ ስንጥቡን ከፍቶ በገንዳው መስተዋት ላይ ከራሱ ምስል ጋር ሲዋጋ አገኘሁት፤ ከኋላው ያለው ወንድሙ የጅራቱ ጫፍ ተቦጭቋል። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ተይዛለች።